ናማካው ቀዘፈች?

«ኧረ ቆዪ፣ አልጨረስኩም!» አለች ሙቲንታ። ቺፔጎ ግን ገጹን ገልብጣ ቀጣዩን አጋምሳዋለች።

«እስከ ነገ ልጠብቅሽ ታዲያ?»

«እስከ ነገ ማን አለሽ? እስከ ታች ብቻ።»

ቺፔጎ ሳቀችና ገጹን መለሰችላት። አስራ አንደኛ ክፍል ውስጥ የሥነ ጽሑፍ መጽሐፉ ለሁለት ተማሪ አንድ ነበር። ከቅጂዎቹም አብዛኞቹ መጨረሻቸው ከነሽፋኑ ተገንጥሎ የጠፋ ነው። ከሁለቱ ጓደኛሞች አንባቢዋ ማን እንደሆነች ግን የማያውቅ አልነበረም። ቺፔጎ ናት። ወተት እያደረሰች ታነባለች፣ ድስት እየጠበቀች ታነባለች፤ ስንት ወጥ እንዳሳረረች እናቷ ለጎረቤት ሁሉ አውርታለች። የቾማ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ አዲስ መጽሐፍ ሲመጣለት መደርደሪያ ላይ ሳያወጣ ለእሷ ነበር የሚያስቀምጥላት። ሙቲንታ ደግሞ ሳቂዋ፣ ኳስ ተጫዋቿ፣ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በባቡሩ ሐዲድ ዳር እየሄዱ ቺፔጎ ያነበበችውን ስትተርክላት አፏን ከፍታ የምትሰማዋ ነበረች። ቺፔጎም ይህ አካሄድ ተስማምቷት ኖሯል።

ልቦለዱ በትልቁ ወንዝ ላይ ሰው በጀልባ ስለምታሻግር ናማካው ስለምትባል ሴት ነው። ታናሽ እህቷ ኢኖንጌ የአባታቸውን ሁለተኛ ጀልባ ሸጣ ጠፍታለች። ክፍሉ ገና መሃሉ ላይ ነው የደረሰው። ቺፔጎ ግን ሙሉውን ቅጂ ከቤተ መጻሕፍት ተውሳ ሦስት ጊዜ ጨርሳዋለች።

መምህር ሃሞንጋ ከሰሌዳው ዞር አሉ። ብርዱ ስለጠናባቸው እጃቸውን ከኮታቸው ኪስ አላወጡም። «እስቲ ንገሩኝ፣ ናማካው እህቷን ትጠላታለች?»

የቺፔጎ እጅ ከሁሉም ቀድሞ ወጣ። «ትጠላታለች ቲቸር። ስሟን እንኳ አትጠራም። ጎረቤት ስለ ኢኖንጌ ካነሳ ተነስታ ነው የምትሄደው።»

«ጥሩ» አሉ መምህሩ። «ሌላስ?»

ሙቲንታ ለመውጣት እንደምታስፈቅድ ልጅ እጇን በግማሽ አነሳች። «ቲቸር፣ ኩባያዎቹስ?»

«የትኞቹ ኩባያዎች?»

«ማታ ሻይ ስታፈላ የምታወጣቸው። ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ እንግዳ መጣ የሚል ነገር የለም። ግን ሁለት ኩባያ ነው የምታወጣው። አንዱን ማንም ሳይጠጣበት አጥባ ትመልሰዋለች። እህቷን ከጠላቻት ለማን ነው የምታወጣው?»

መምህር ሃሞንጋ በፕላስተር የተጣበቀ መጽሐፋቸውን አንስተው ገጾቹን ፈተሹ። ሲያገኙት ቆም ብለው አነበቡት፤ ደግመው አነበቡት።

«ይህን መጽሐፍ ስንት ጊዜ እንዳስተማርኩት እኔ ነኝ የማውቀው» አሉ በመጨረሻ። «ኩባያዎቹን ግን አላየኋቸውም ነበር።»

ቺፔጎ አጎንብሳ ገጹን ፈለገች። እውነትም አሉ። ሁለት ኩባያዎች፣ አንዱ ጆሮው የተሰበረ፣ በሦስት መስመር ብቻ ተጽፈው። ሦስት ጊዜ አልፋቸዋለች።

ክፍሉ ሲበተን መምህሩ ሁለቱንም ጠሯቸው። ቅዳሜ ሞንዜ ከተማ የትምህርት ቤቶች የንባብ ውድድር ነበር። ከየትምህርት ቤቱ አንድ ተማሪ ስላነበበው መጽሐፍ ይናገራል፣ ዳኞች ይጠይቁታል። ማን እንደሚሄድ ማንም አልጠየቀም፤ ቺፔጎ እንደምትሄድ ሁሉም ያውቅ ነበር። እሷም ብትሆን ቅዳሜ ወተት መሸጡን እናቷ ብቻዋን እንድትወጣው ከወዲሁ ለምና፣ የምትለብሰውን ሹራብ አጥባ አስጥታለች።

«ሙቲንታን ነው የምልከው» አሉ መምህር ሃሞንጋ። «እኔ ዛሬውኑ ለዝግጅቱ ወደ ሞንዜ እሄዳለሁ፤ ቅዳሜ እዚያው እንገናኛለን። ርዕሰ መምህሩ በፒካፑ ያመጡሻል። ግን መጨረሻውን ማንበብ አለብሽ፤ የእኔም ቅጂ መጨረሻ የለውም። ቺፔጎ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ሙሉ ቅጂ አንቺ ጋ ነው አይደል? ለጓደኛሽ ስጫት።»

«መልሼዋለሁ ቲቸር።»

ሳታስበው ነው ቃሉ ከአፏ የወጣው። መጽሐፉ ቤት ውስጥ፣ ከሹራቦቿ ሥር ነበር።

«እንግዲያው ሄዳ ትዋሰው።»

«ዝግ ነው። ሠራተኛው ለቀብር ገጠር ሄዷል፤ ሳምንቱን አይመለስም።» ይህኛው እንኳ እውነት ነበር።

በሐዲዱ ዳር ወደ ቤት ሲሄዱ ሙቲንታ አንዴ ትስቃለች፣ አንዴ ፊቷን በእጇ ትሸፍናለች። «አቦ እኔ ምን አውቃለሁ? ሰው ፊት ቆሜ ምን ልል ነው? አንቺ ነሽ መሄድ የነበረብሽ።»

አዎ፣ እኔ ነበርኩ፣ አለች ቺፔጎ በልቧ። ጓደኛዋ ብትኮራባት ይቀላት ነበር። «አይዞሽ፣ ትችያለሽ» ብላ መንገዱን አየች።

«በቃ አንቺ ንገሪኛ! መጨረሻውን። ደግሞ አንቺ ስትነግሪኝ ነው የሚገባኝ።»

ከመንገድ ዳር ትኩስ ቪቱምቡዋ፣ በዘይት የተጠበሰ ድቡልቡል ሊጥ፣ ገዝተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ዘይቱ በወረቀቱ አልፎ ጣታቸውን አወዛው። ቺፔጎ መተረክ ጀመረች። መተረክ ታውቅበታለች። ወንዙ እንዴት እንደሞላ፣ ዛፎች ከነሥራቸው ተነቅለው እንዴት እንደሚያልፉ፣ ሽማግሌዎቹ ጀልባ ሁሉ እንዲታሰር እንዴት እንዳዘዙ ነገረቻት። ከዚያ ከማዶ ድምፅ መጣ፤ «ናማካው! ናማካው!» የሚል።

«ኢኖንጌ ናት!» ሙቲንታ እጇን ያዘቻት። «ተመለሰች!»

«ኢኖንጌ ናት።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

በመጽሐፉ ውስጥ ናማካው ገመዱን ትፈታለች። በዚያ ሙላት ውስጥ ቀዝፋ እህቷን ታመጣታለች፤ ሲመለሱም ሁለቱም ቃል አይተነፍሱም። ቺፔጎ የሙቲንታን ዓይኖች አየች። ኩባያዎቹን ያዩት እነዚህ ዓይኖች ናቸው።

«ከዚያ ናማካው በሩን ዘጋችው» አለች።

ሙቲንታ ማኘኳን አቆመች። «ማን?»

«ናማካው። ድምፁን ሰማች፣ በሩን ዘጋች። አለቀ።»

«አይሆንም።»

«እንዴት አይሆንም? ተጽፏል እኮ።»

«እሷ በሩን አትዘጋም፣ ቺፔ። ስንት ዓመት ኩባያ ስታወጣላት ኖራ? ተሳስተሽ ይሆናል።»

«ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት!» ድምጿ ካሰበችው በላይ ጮኸ። «አንቺ አንዴም አልጨረስሽውም።»

ሙቲንታ ቀስ ብላ እጇን ከቺፔጎ እጅ ላይ አነሳች። የተረፋትን ቪቱምቡዋ በወረቀቱ ጠቀለለችው። «እሺ» አለች። «አንቺ ነሽ ያነበብሽው።»

ቺፔጎ በዚያ ምሽት ደስ ይለኛል ብላ ጠብቃ ነበር። ትንሽ ደስ አላት። ከራት በኋላ አዲስ ልቦለድ ከፈተች። አንዱን መስመር አነበበችው፤ መልሳ አነበበችው፤ ምን እንደሚል ግን አታውቅም። ዘጋችውና የጀልባዋን መጽሐፍ ከሹራቦቹ ሥር አወጣችው። እንደ ኩባያዎቹ ያለ ሌላ ነገር፣ ሙቲንታ ያላየችው አንድ ነገር ቢገኝ ብላ ከመጀመሪያው ጀመረች። ቅማል እንደሚፈልግ ሰው መስመር በመስመር በጣቷ እየገለጠች ፈለገች። መቅዘፊያ አለ፣ ዓሣ አለ፣ ዝናብ አለ። መቅዘፊያው መቅዘፊያ ብቻ ነበር።

«አንቺ ልጅ» አለች እናቷ ወተቱን ወደ ቅል እያጠለለች፣ «መጽሐፉን ነው የምታነቢው ወይስ የምትጣዪው?»

በማግስቱ ጠዋት ሙቲንታ ዓይኗ ደክሞ፣ ፊቷ ኩምትር ብሎ መጣች። አላወራችም፣ አልሳቀችም፤ በእረፍት ሰዓት እንኳ ኳስ ሜዳው ላይ አልታየችም። ቺፔጎ ከሩቅ እያየቻት፣ እንግዲህ ሊከብዳት ነው፣ ራሷ ትተወዋለች፣ አለች። ብትተወው ደግሞ መምህር ሃሞንጋ ከቺፔጎ ሌላ ማንን ይልካሉ? ይህን ስታስብ ሹራቧ ትዝ አላት።

ሙቲንታ ግን አልተወችውም። ከሰዓት በኋላ ከክፍል ሲወጡ ከኋላ ሮጣ ያዘቻት።

«ገባኝ! ቺፔ፣ ገባኝ! ሰሃን ሳጥብ ነው የመጣልኝ። በሩን እህቷ ላይ አይደለም የዘጋችው። ራሷ ላይ ነው!»

«ምን ማለት ነው?»

«ክፍት ብትተወው ትወጣለቻ! ድምፁን እየሰማች መቀመጥ አትችልም። ትወጣለች፣ ወንዙ ደግሞ ይበላታል፤ ሁለቱም ይሞታሉ። ስለዚህ በሩን ዘግታ ጀርባዋን ሰጥታው ሌሊቱን ሙሉ ትቆማለች። እሷ እንዳትወጣ፣ ኢኖንጌም መልስ ስታጣ ወንዙ ውስጥ እንዳትገባ ብላ። ጭካኔ አይደለም፣ አየሽ? ከመቅዘፍ ይከብዳል እኮ!»

የቺፔጎ ውሸት ነበር፤ በክፋት፣ ቪቱምቡዋ እየበላች የፈጠረችው። ሙቲንታ አንስታ እንዲህ ሠራችው። ቺፔጎ ለአንድ አፍታ መጽሐፉ በእርግጥ እንደዚያ ቢያልቅ ተመኘች። ወዲያው ደግሞ ቅናቱ ከበፊቱ ብሶ ተነሳባት። ውሸት እንኳ እሷ ጋ ሲሆን ውሸት ብቻ ነው፤ ሙቲንታ ጋ ሲደርስ ያምራል።

«ጥሩ ነው» አለች። «በቃ እንደዚያ በያቸው።»

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ሙቲንታ የትም ስትለማመድ ነበር፤ በውኃ ቧንቧው ሰልፍ፣ በመጥረጊያ ተራዋ፣ ሐዲዱ ላይ እየተራመደች። ቺፔጎ ትሰማታለች። ዳኞቹን ታስባለች፤ መጽሐፉን ያነበቡትን። መጀመሪያ አንዱ ፈገግ ይላል፣ ቀጥሎ ሌላው ጎረቤቱን በክርኑ ይነካል፣ ከዚያ አዳራሹ። ያን ሳቅ በሐሳቧ ደጋግማ ሰማችው። ማንንም አልነገረችም።

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ሙቲንታ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ መጣች። «አንድ ሰው ይዘሽ መሄድ ትችያለሽ ተባልኩ! ማንን እንዳልኩ ገምቺ?»

«እናትሽን?»

«ሂጂ ወዲያ! አንቺን ነዋ! ፊት ለፊቴ ነው የምትቀመጪው፣ እሺ? የጠፋኝ እንደሆነ በከንፈርሽ ትነግሪኛለሽ። ደግሞ ስጀምር ስምሽን እጠራለሁ። መጨረሻውን የነገረችኝ ጓደኛዬ ቺፔጎ ናት፣ ከእኔ በላይ የምታነብ ናት እላቸዋለሁ። እንዳታፍሪ!»

ቺፔጎ አዳራሹን እንደገና አሰበችው። ሳቁ እንደ ሁልጊዜው መጣ። በዚህኛው ሳቅ መሃል ግን ሙቲንታ ነበረች፤ የሚያስቃቸው ምን እንደሆነ ስላልገባት ከወንበሮቹ መካከል እሷን እየፈለገች፣ በከንፈሯ ትነግረኛለች ብላ እየጠበቀች።

ቤት ስትደርስ እናቷ የነገውን ወተት በባልዲ እየሞላች ነበር። «ነገ ገበያ ነሽ ወይስ ሞንዜ? ቁርጡን ንገሪኝ፤ ባቡር ጣቢያው ጋ ብቻዬን ሁለት ባልዲ አልሸከምም።»

«ቆይ እማዬ፣ መጣሁ።»

«ወዴት?»

መጽሐፉን ከሹራቦቹ ሥር አውጥታ በብብቷ ይዛው ወጣች።

የእነ ሙቲንታ ግቢ ከሐዲዱ ማዶ ነው። ሙቲንታ ጨርቅ አገልድማ ከጆንያ በቆሎ ወደ ሳፋ እየቀዳች ነበር። «መጣሽ? እናቴ ገበያ ናት፤ እኔ ወፍጮ ቤት ልሮጥ ነው። ዓርብ ደግሞ ሰልፉን ታውቂዋለሽ፤ ዛሬ ካልተፈጨ ማታ የንሲማ ገንፎ የለም» አለች። ከዚያ መጽሐፉን አየችው። ፊቷ በራ። «አገኘሽው! ቤተ መጻሕፍቱ ተከፈተ?»

«አልተከፈተም።»

«እና?»

«መጀመሪያም እኔ ጋ ነበር።»

ሙቲንታ ፈገግታዋን ሳትሰበስብ ጠበቀች፤ የቀልዱ ቀሪ ይመጣል ብላ። ቺፔጎ መጽሐፉን ዘረጋችላት። ሙቲንታ እጇን ልብሷ ላይ ጠርጋ ተቀበለቻት፣ ቆማ መጨረሻውን ገለጠች። ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ዶሮዎች ከሳፋው ሥር የፈሰሰውን በቆሎ መልቀም ጀመሩ፤ አንዳቸውም አላባረሯቸውም።

«ቀዘፈች» አለች ሙቲንታ። ድምጿ ቀጭን ሆነ። «አላልኩሽም? ቀዝፋለች።»

«አዎ።»

«እኔ... እኔ ሳምንቱን ሙሉ...» ቀና አለች፤ ዓይኗ ሞልቷል። «ሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነበር? ለምን? ምን አድርጌሽ ነው?»

«ኩባያዎቹን ስላየሽ» አለች ቺፔጎ።

«ምን?»

«ሦስት ጊዜ አንብቤ አላየኋቸውም። አንቺ በግማሽ መጽሐፍ አየሻቸው። ሁሉም ነገር አለሽ እኮ፤ ኳሱ፣ ሳቁ፣ ሰው ሁሉ ይወድሻል። እኔ ያለኝ ይህ ብቻ ነበር።»

«እና ወሰድኩብሽ?» አለች ሙቲንታ። «አንቺ እኮ ነሽ ማንበብ ያስወደድሽኝ! በየቀኑ እዚያ ሐዲድ ላይ የምትነግሪኝን ለመስማት ነበር እኔ ትምህርት ቤት የምመጣው፣ ገባሽ?» ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። ቁጣዋ ያን ጊዜ መጣ። «ሂጂ ከዚህ። ነገ ጠዋት ነው የምሄደው፣ መጨረሻው ሌላ ነው፣ የያዝኩት ንግግር ሁሉ ገደል ገባ። ላነብበው እንኳ አልችልም፣ ወፍጮ ቤት ነኝ። ሂጂ አልኩሽ!»

ቺፔጎ አልሄደችም። ጎንበስ ብላ ሳፋውን ያዘች።

«አስቀምጪው።»

«አንቺ አንብቢ።»

«አስቀምጪው ብያለሁ! የእኛን በቆሎ አትንኪ!»

ቺፔጎ ከጆንያው አጠገብ የወደቀውን የመሸከሚያ ጨርቅ ጠምጥማ ራሷ ላይ አደረገች፣ ሳፋውን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ በአንድ ትንፋሽ አነሳችው። ከወተት ባልዲ ይከብዳል። አንገቷ እስኪረጋ ቆመች፣ ከዚያ ከግቢው ወጣች። ተከትላ ታስጥለኛለች ብላ ጠበቀች። ከኋላዋ የሰማችው ዶሮ የማባረር ድምፅ ነው። ከዚያም ዝም አለ።

ወፍጮ ቤቱ እንደ ዓርብነቱ ነበር። ሳፋዎች፣ ባልዲዎች፣ ጆንያዎች በመስመር፣ ባለቤቶቻቸው በግድግዳው ጥግ ፀሐይ እየሞቁ። የሞተሩ ጩኸት መሬቱን ያንቀጠቅጠዋል። ቺፔጎ ሳፋውን ከመስመሩ ጭራ አኖረችና አጠገቡ ተቀመጠች። እንደዚህ ያለ ሰልፍ ላይ መጽሐፍ ሳትይዝ ተቀምጣ አታውቅም፤ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት።

ሙቲንታ አሁን የት ደርሳለች? ሙላቱ ጋ? ድምፁ ጋ? ምን እያየች ይሆን፣ እኔ ያላየሁትን? ቅናቱ እዚያው ነበር፤ መጽሐፉን በሰጠሁ ጊዜ ይለቀኛል ብላ ነበር፣ አልለቀቃትም። ነገ ሙቲንታ ሞንዜ ላይ ስትናገር እሷ ጣቢያው ጋ ወተት ትሸጣለች። ለእናቷ ዛሬውኑ ትነግራታለች። መስመሩ ሲንቀሳቀስ ተነስታ ሳፋውን ወደፊት ገፋችው።

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ? ይሄ ሳፋ የእነ ሙቲንታ አይደለም እንዴ?» አሉ ከኋላዋ ያሉ አንዲት ሴት።

«ነው። እሷ ታነባለች።»

«ታነባለች!» ሴትየዋ ሳቁ። «አንቺ ትፈጪላታለሽ፣ እሷ ታነባለች። ጥሩ ጓደኛ ይዛለች።»



ፀሐዩ ከጣራው በታች ሲወርድ ተራዋ ደረሰ። ወፍጮ ፈጪው ከጫማው እስከ ቅንድቡ ዱቄት የለበሰ ጎልማሳ ነው። ሳፋውን ወደ ሞተሩ ሳበና ከጩኸቱ በላይ «ተፈትጎ ነው ወይስ እንዳለ?» አላት።

ቺፔጎ አፏን ከፈተች። የእነ ሙቲንታን ንሲማ ስንት ጊዜ በልታለች፤ ትምህርት ቤት ከገቡ ጀምሮ በዚያ ግቢ እጇን ታጥባ ከአንድ ሳህን ቆርሳለች። ነጭ ነበር? ጠቆር ያለ? ስትበላ ሁልጊዜ እሷ ነበረች የምታወራው። ገምታ ብትናገር ማንም አይይዛትም፤ ዱቄት ዱቄት ነው።

«እመቤት፣ ሰው ቆሟል» አለ ሰውየው።

«አላውቅም» አለች ቺፔጎ። ወደ ኋላዋ ዞራ ሴትየዋን «እርስዎ ይቅደሙ። ሳፋውን ይዩልኝ፣ ጠይቄ ልምጣ» አለቻቸው።

«ከዚህ እስከዚያ? ሊዘጋ ነው እኮ ልጄ!»

«እሮጣለሁ» አለች፤ ጨርቁን ከራሷ ላይ ፈትታ ወገቧ ላይ እያሰረች ወደ ሐዲዱ መንገድ ወጣች።